በረደላት

ይህን ታሪክ በሕይወቴ ያወራሁት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ዓይኔም ደክሟል፤ አንድ ገጽ በጻፍኩ ቁጥር አረፍ ማለት ያሻኛል። ቢሆንም እኔ ካልጻፍኩት የሚጽፈው ሌላ ሰው የለም። ምክንያቱም የሆነውን ነገር ከዳር እስከ ዳር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጥፋቱም የመጣው ከዚያው ነው።

ጊዜው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዳንግላ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ኮት፣ አንድ ክራቫትና አንድ ደብተር ነበረኝ። ደብተሩን ለሁለት ከፍዬ በግራ በኩል የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ በኩል የአማርኛውን እጽፍበታለሁ። ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ። ከስምንት መቶ በላይ ቃላት ሞልቼበት ስለነበር እንግሊዝኛን የጨረስኩት ይመስለኝ ነበር። አገውኛ ግን አንድም ቃል አልችልም። ዳንግላ ተወልጄ፣ በገበያ ቀን ግማሹ ሰው በአገውኛ ሲገበያይ እየሰማሁ አድጌ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አላውቀውም። ያስፈልገኛል ብዬም አስቤ አላውቅም።

በኅዳር ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ከክፍል አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ ፈረንጅ ተቀምጦ አፍንጫውን በመሐረብ ይጠርጋል። ሐኪም ነው። ከእንጅባራ ወደ ውስጥ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አገር ተስቦ ገብቷል ተብሎ ተልኮ ነው የመጣው። አብሮት የነበረው አስተርጓሚ መንገድ ላይ ታሞ ቀርቶበታል።

«ሦስት አራት ቀን ቢሆን ነው» አለኝ ዳይሬክተሩ። «እንግሊዝኛ ካንተ የተሻለ የሚችል እዚህ የለም።»

እንዲህ ሲለኝ የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ደብተሬን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ሐኪሙን ተከትዬ ወጣሁ።

በጭነት መኪና አዲስ ቅዳምን አልፈን እንጅባራ ስንደርስ የአገሩ ጭቃ ሹም አቶ ፈንታ ፈረሶች አስጭነው ይጠብቁን ነበር። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። አማርኛም አገውኛም እኩል ይችላሉ። ሥራው እንዲህ ተከፋፈለ፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እኔ፣ ከአማርኛ ወደ አገውኛ አቶ ፈንታ። ሐኪሙና ሕመምተኛው እየተያዩ ይነጋገራሉ፤ ነገሩ ግን በሁለታችን አፍ ዞሮ ነው የሚደርሳቸው።

አቶ ፈንታ ቤት ስንገባ ቀኑ መሽቶ ነበር። ጭጋጉ የቀርከሃውን ጫካ ውጦታል። ሐኪሙ ፈረስ መቀመጥ ስለማይችል በሰው ተደግፎ ወረደና «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» አለኝ። ደብተሬ ላይ ኮልድ ብርድ ነው። «በርዶኛል ይላል» አልኳቸው። የቤቱ ሰዎች ሁለት ወፍራም የሱፍ ባና ደርበውለት እሳቱ ጥግ አስቀመጡት። ላቡ በአንገቱ እስኪወርድ ድረስ ምንም አላለም። በመጨረሻ ስቆ ባናውን ገፈፈና «ጉንፋን ይዞኛል ነው ያልኩህ» ብሎ አስረዳኝ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ፊቴ ግን ነደደ።

በማግስቱ ጠዋት ሰዉ ተሰብስቦ ከሩቅ ያየን ጀመር። ማንም ወደ እኛ አይጠጋም። ሐኪሙ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ሰዎቹ ኮልድ ናቸው» አለኝ። ለአቶ ፈንታ «ሰዎቹ በርዷቸዋል ይላል» አልኳቸው። አቶ ፈንታም ግራ ተጋብተው «ብርዱንማ ለምደውት ነው» አሉ። ሐኪሙ መልሱን ሲሰማ እንደገና ሳቀ። ሰዎቹ ፊት ነሱን ለማለት ነበር የፈለገው።

አስተዋይ ብሆን ኖሮ ልብ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። አንድ ቃል በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ አንሸራትቶ ጥሎኛል። እኔ ግን አፈርኩ እንጂ አልተማርኩም። ሐኪሙ በሳቀብኝ ቁጥር የምጠይቀው ጥያቄ እየቀነሰ ሄደ። ሰውየው ሲስቅ ክፋት አልነበረበትም። ቢሆንም የዳንግላ አንደኛ እንግሊዝኛ ዐዋቂ ነኝ ብዬ መጥቼ፣ ሦስተኛ ጊዜ እንዲሳቅብኝ አልፈለግኩም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ገበሬ እየሮጠ መጣ። ስሙ አለኸኝ ነው። አማርኛ አይችልም። አቶ ፈንታ እንደነገሩኝ ሚስቱ ይመኙሻል ከሦስት ቀን በፊት የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ሴት ልጅ፣ ወልዳለች። ከትናንት ጀምሮ ግን ትኩሳት እያቃጠላት ነው። ቤቱ በፈረስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሐኪሙ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ቢሆንም ሻንጣውን ዘጋና ወደ ፈረሱ ሄደ።

ይመኙሻል መደብ ላይ ተኝታለች። ሃያ ዓመትም የሞላት አትመስልም። ፊቷ ቀልቷል፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ ሕፃኗን ታቅፈው ከራስጌዋ ቆመዋል። ይመኙሻል አንድ ነገር ተናገረች።

«እሳት ውስጥ ነኝ ትላለች» አሉኝ አቶ ፈንታ።

ሐኪሙ ረጅም ጊዜ ወስዶ መረመራት። ከወሊዱ በኋላ ደሟ ውስጥ መርዝ ገብቷል አለኝ። መርፌ ወጋት። ለሌሊቱ የሚሰጣትን ክኒን ለእናቷ ቆጥሮ ሰጠ። ነገ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ እንደሚመጣ አስነገረኝ። ከዚያ በሩ ላይ ቆም ብሎ ጣቱን ወደ አለኸኝ ቀሰረ። «ይህን በደንብ ንገረው» አለኝ። «ኢፍ ሺ ጌትስ ኮልድ፣ ኮልድ ከሆነች፣ ወዲያውኑ ይላክብኝ። ነገን አይጠብቅ። በዚያችው ሰዓት።»

ሦስተኛው ኮልድ መጣ። ጉንፋን አይደለም። ፊት መንሳትም አይደለም። የቀረኝ ብርድ ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ደግሞ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ትክክለኛውን ያገኘሁት መሰለኝ። ጥርጣሬ ግን ነበረኝ፤ አልዋሽም። «ዶክተር፣ ኮልድ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» ብዬ ብጠይቀው የሚፈጀው ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ሁላችንም ደክሞናል፤ መንገዱ ይጠብቀናል። አልጠየቅኩም።

«ብርድ ብርድ ካላት ወዲያውኑ ላኩብኝ ይላል» አልኳቸው ለአቶ ፈንታ።

እሳቸው በአገውኛ አስተላለፉ። አለኸኝ አንገቱን ነቀነቀ። እናቷም ነቀነቁ። ሐኪሙ መነቅነቃቸውን አይቶ እሱም ነቀነቀ። ሁላችንም የተግባባን መስሎን ወጣን።

ረቡዕ ጠዋት አቶ ፈንታ ደጅ ላይ የተሰለፈው ሰው ከትናንቱ እጥፍ ሆነ። ሦስት ሰዓት ገደማ የአለኸኝ ታላቅ ወንድም በቅል ማር ይዞ መጣ። ፊቱ በደስታ በርቷል። ገና ከሩቅ ለአቶ ፈንታ በአገውኛ ይነግራቸው ጀመር። እሳቸውም እየሳቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«በረደላት!» አሉኝ። «ሌሊቱን ሙሉ በላብ ተጠምቃ አደረች። ጎህ ሲቀድ ትኩሳቱ ለቀቃት። አሁን ሰውነቷ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቃዛ ነው ይላል። ማቃሰቱንም ትታ ጸጥ ብላ ተኝታለች። ብርድ ብርድ ይልሻል ወይ ብለው ደጋግመው ጠይቀዋታል፤ አይለኝም ብላለች። እግዜር ይስጥልኝ ሊል ነው የመጣው።»

ይህን ሁሉ ሰማሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሐኪሙም አንድ ሽማግሌ ደረት ላይ ጆሮውን ደፍቶ ነበር። አሳጥሬ ነገርኩት። «ዶክተር፣ የትናንትናዋ አራስ ትኩሳቱ ለቋታል። ያመሰግናሉ።»

«ቶሎ ነው» አለ። ትንሽ ቅንድቡን አነሳ። ከዚያ የደከመ ፈገግታ ፈገግ ብሎ «መልካም ዜና ነው፣ ከሰዓት በኋላ እናያታለን» አለና ወደ ሽማግሌው ተመለሰ። የአለኸኝ ወንድም ማሩን አስቀምጦ እጅ ነስቶ ሄደ።

ምናልባት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሙ ትኩሳቱ የለቀቀውን አንድ ጎልማሳ ሲመረምር እጄን ያዘና የሰውየው እግር ላይ አስቀመጠው።

«ንካው» አለኝ። «ሙቅ ነው። ትኩሳት በደህና ሲለቅ እንዲህ ነው። እጅና እግር ከቀዘቀዘ ግን ትኩሳቱ ለቀቀ ማለት አይደለም፤ ልብ ተሸነፈ ማለት ነው። ሕመምተኛው ራሱ ደህና ነኝ ሊልህ ይችላል። ትናንት ለነዚያ ሰዎች ኮልድ ከሆነች ጥሩኝ ያልኳቸው ለዚህ ነው።»

እጄ የሰውየው እግር ላይ እንዳለ ቀረ።

አንባቢዎች ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ነው ለመጻፍ የከበደኝ። ወዲያው ጮኼ ነገርኩት ብላችሁ ብትጠብቁ አይፈረድባችሁም። አልነገርኩትም። የሚቀጥለው ሕመምተኛ መጣ፤ ተረጎምኩለት። ሌላው መጣ፤ ተረጎምኩለት። በውስጤ ነገሩን እያገላበጥኩ ነበር። የአለኸኝ ወንድም የምንጭ ውሃ ያለው ለንግግር ማሳመሪያ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ እንሄድ የለ፤ ያኔ እናያለን። ደግሞስ ምን ብዬ ነው የምነግረው? አስተርጓሚ ነኝ ብዬ መጥቼ ቃሉን አላወቅኩትም ነበር ልበለው? ስድስት ሰው እንዲህ ሲያልፍ ቆጠርኩ። ሰባተኛዋ አንዲት ጨቅላ ያቀፈች ሴት ነበረች። ሕፃኑን ሳይ አላስቻለኝም።

«ዶክተር» አልኩት።  ደግሜ ጠራሁት። «ያቺ አራስ… ሰውነቷ እንደ ውሃ ቀዝቅዟል ብለው ነው የላኩት። ትናንት ያሉትንም በትክክል አልነገርኳቸውም።»

አልጮኸብኝም። ትክ ብሎ አየኝ።

«ሰውየው የመጣው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ሦስት ሰዓት ገደማ።»

«አሁንስ?»

«አምስት ሊሆን ነው።»

ሻንጣውን አንስቶ ወደ ፈረሶቹ ሮጠ። ፈረስ መቀመጥ የማያውቀው ሰው የፈረሱን ጋማ በሁለት እጁ ጨምቆ ከፊታችን ጋለበ። አቶ ፈንታ ምን እንደሆነ እየጠየቁኝ ይከተላሉ። እየጋለብን ነገርኳቸው። ይህን ሲሰሙ ፈረሳቸውን ገርፈው ቀደሙኝ።

አለኸኝ ቤት ስንደርስ ጎረቤቱ ተሰብስቦ እንኳን እግዜር ማረሽ እያለ ነበር። ይመኙሻል መደቡ ላይ ጸጥ ብላ ተኝታለች። የፊቷ ቅላት ጠፍቷል፤ አመድ መስሏል። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሐኪሙን ሲያዩ ከደስታቸው ብዛት እጁን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እሱ አልፏቸው ገብቶ የልጅቷን እጅ ያዘ። እኔ እግሯን ነካሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሬሳ ገንዣለሁ፤ የራሴን እናትና አባት ጭምር። እንደዚያ እግር የቀዘቀዘ ግን አላስታውስም። እሷ ግን ዓይኗን ገልጣ ታየን ነበር።

ሐኪሙ መርፌ ወጋት፤ ሌላም ወጋት። እግሯን ከፍ አድርገን በባና እንድንጠቀልላት አደረገ። ከዚያ «ዳንግላ እናድርሳት፤ እዚህ የምሰጣት ነገር የለኝም» አለ። ጎረቤቱ ወጥቶ ቀርከሃ ቆረጠ። ቃሬዛው ተሠርቶ እስኪያልቅ ብዙም አልቆየም። ሰው እንደዚያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም። ስምንት ወንዶች ተሸከሟት። ሕፃኗ ከአያቷ ጋር ቀረች።

በጫካው መሀል እየተቀባበሉ ይሮጣሉ። አለኸኝ ለማንም ቦታውን አልለቅም ብሎ ከፊት በቀኝ በኩል ይዟል። እኩል መንገድ እንደሄድን ይመኙሻል አንድ ነገር ተናገረች። ሳልጠይቃቸው አቶ ፈንታ ተረጎሙልኝ።

«ከበድኩባችሁ ወይ ትላለች።»

ወንዶቹ ሁሉ ባንድ ድምፅ መለሱላት። ምን እንዳሉ ትርጉም አላስፈለገኝም።

ይመኙሻል እስከ መኪናው መንገድ አልደረሰችም። ሐኪሙ አስቆማቸው፤ ቃሬዛውን አወረዱ፤ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ተነስቶ ለዘመዶቿ ቦታውን ለቀቀ። አለኸኝ ከቃሬዛው አጠገብ ተቀመጠና ባናውን እግሯ ላይ ሸፈነላት፤ ከዚያ ደግሞ ገልጦ ሸፈነላት።

ልቅሶው ጋብ ሲል ሐኪሙ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠራኝ። ፊቱ በአንድ ቀን ዐሥር ዓመት ያረጀ መስሏል።

«ትናንት ያልኩትን ምን ብለው እንደሰሙት ጠይቃቸው» አለኝ።

ጥያቄው በእኔና በአቶ ፈንታ በኩል ለአለኸኝ ደረሰ። መልሱ በአቶ ፈንታ በኩል ተመልሶ መጣ። «ብርድ ብርድ ካላት ጥራኝ ብሎኛል። ብርድ ብርድ አላላትም። ሌሊቱን ሙሉ ጠየቅኳት፤ ደህና ነኝ አለችኝ።»

እስቲ አስቡት። ይህን መልስ ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። እነሱም የነገርኳቸውን ረስተዋል ብዬ ጥፋቴን ባሳንስ ሐኪሙ ያምነኛል። እዚያ ጫካ ውስጥ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም የሚሰማ ሌላ ሰው የለም። አፌን ከፍቼ ከየትኛው እንደምጀምር እስክወስን ድረስ የቆየሁት ጊዜ በጣም ረጅም መሰለኝ። ከዚያ አለኸኝ ያለውን አንድም ሳላጎድል ነገርኩት። «ስህተቱ የእኔ ነው» ብዬም ጨመርኩ።

ሐኪሙ መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ። «ደክሞኝ ነበር» አለ። «ሌላ ቃል ጨምሬ መናገር ነበረብኝ። ጎህ ሲቀድ ቢጠሩን ምናልባት ትተርፍ ነበር፤ ምናልባትም አትተርፍም ነበር። ይህን እኔም አላውቅም፤ ሌላም ሰው አይነግርህም።»  በሦስተኛው ቀን ሲሄድም እጄን ጨብጦኝ ሄደ። ዳግመኛ አላየሁትም።

እዚያው ጫካ ውስጥ ግን አቶ ፈንታን ወደ ጎን ጠርቼ «ለአለኸኝ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። «ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብለው ይንገሩት።»

«አልነግርም» አሉኝ።

«ለምን?»

«ወንድሞቿ ቃሬዛውን ከበው እንደቆሙ ነው። ያዘነ ሰው የሚያደርገውን አያውቅም። መምህር፣ አንተ ነገ ዳንግላ ትገባለህ። እኔ የምኖረው ከእነሱ ጋር ነው። ነገሩ ይብረድ። ከበረደ በኋላ እናየዋለን።»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። መናገር ፈልጌ ሰው ከለከለኝ ብዬ ለራሴ እንድነግረው መንገድ ተከፈተልኝ። በዚህ ሰበብ አንድ ዓመት ኖርኩ። አስተማርኩ፤ ፈተና አረምኩ፤ ክራቫቴን አሰርኩ። ክፍል ውስጥ ስለ አየር ጠባይ ሳስተምር ያችን ቃል እየዘለልኩ አልፋለሁ።

በዓመቱ አቶ ፈንታን ዳንግላ ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ስለ አለኸኝ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ።

«ከሰው ተለይቷል» አሉኝ። «የይመኙሻል ዘመዶች ሐኪሙ ጥራኝ እያለህ ሳትጠራ ገደልካት አሉት። ደጃቸውን እንዳይረግጥ ከልክለውታል። ልጅቷን አያቷ ናቸው የሚያሳድጓት። አንድ ቀንም አላሳዩትም።»

«ነገሩ ይበርዳል ብለውኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር» አሉ። «አሁን ብናገር ያኔ ለምን ዝም አልክ ይሉኛል። አልችልም፣ መምህር። አርጅቻለሁ።»

ያን ቀን ነው የገባኝ። እኔ በዝምታዬ ራሴን ያሳረፍኩ ሲመስለኝ፣ ሸክሙን ለአለኸኝ ነበር ያሸከምኩት። ሰውየው የተነገረውን በትክክል አድርጎ፣ አላደረግህም ተብሎ ልጁን ተነጥቋል። ሌላ አስተርጓሚ ልፈልግ አሰብኩ። ግን ይህን ነገር በሌላ ሰው አፍ ማሳለፍ ዳግመኛ አልፈለግኩም።

የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አገው ነበሩ። በማግስቱ ጠዋት ከደወሉ በፊት ሄጄ አገውኛ እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው። መጀመሪያ ያሾፍኩ መሰላቸው። ከዚያ ወዲያ ግን ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆመን፣ እሳቸው ዱላቸውን ተደግፈው፣ እኔ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየደገምኩ ዓመት ሊሞላን ተቃረበ። ብዙ ሰው ሳቀብኝ፤ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ሳቁብኝ። ያልገባኝን ሁሉ እየጠየቅኩ ዘበኛውን አሰለቸኋቸው።

መናገር ስችል ፈረስ ተውሼ ብቻዬን ሄድኩ። አለኸኝ ማሳው ላይ ድንች እየቆፈረ ነበር። ከስቷል፤ ጎብጧል። አወቀኝ። መቆፈሪያውን መሬት ላይ ተክሎ ጠበቀኝ። ቆሜ በራሱ ቋንቋ ነገርኩት። «ሐኪሙ ያለው ሰውነቷ ከቀዘቀዘ ጥራኝ ነው። እኔ ነኝ አጣምሜ ብርድ ብርድ ካላት ያልኩት። አንተ የተባልከውን አድርገሃል።»

 «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት።

«ቀዘቀዘ ያልክበት ቃል ለእህል የምንለው ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለሰው ሌላ አለን።» ሌላውን ነገረኝ። በእሱ ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩት። ያኔ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እግሯን የዳሰስኩት እኔ ነኝ» አለ። «ጠዋት ገብቼ ዳሰስኩት። በረደላት ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ የተናገረውን የዘነጋሁ እየመሰለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ቀን አስታውሳለሁ። ሌላ ነገር ብሎኝ ይሆን፣ እኔ ሳልሰማው ይሆን እያልኩ።»

 ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህን እናቷ ቤት ትለዋለህ?»

«እላለሁ።»

ወዲያው በእግራችን ሄድን።  እኔ አዲሷን ቃል በልቤ እየደጋገምኩ ነበር። ከወይዘሮ ጥሩነሽ አጥር ስንደርስ አለኸኝ ከበሩ ውጭ ቆመ። እኔ ገባሁ። እሳቸውና ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ደጁ ላይ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስድስቱን ሕመምተኞች ዝም ብዬ ያሳለፍኩትንም ጭምር። አንደኛው ልጃቸው ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። አልሸሸሁም። እናቱ ክንዱን ያዙት።

«ሁለት ዓመት የት ነበርክ?» አሉኝ።

«ግማሹን እየፈራሁ ነበር፣ እናቴ» አልኳቸው። «ግማሹን ቋንቋችሁን እየተማርኩ።»

ለእኔ ሌላ ቃል አልተናገሩኝም። ከኋላዬ ያለውን አጥር አዩና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አለኸኝ፣ ግባ» አሉ።

ይቅርታ አገኘህ ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አልጠየቅኳቸውም፤ አልሰጡኝምም። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። አንድ ተማሪ ይህን ቃል ዐውቀዋለሁ ሲለኝ፣ ማን ሲናገረው፣ ስለምን ሲናገረው እያልኩ አደክመዋለሁ። ብዙዎቹ ነዝናዛ ነው ይሉኝ ነበር። የማላውቀውን መጠየቅ ግን ዳግመኛ አላሳፈረኝም። ሐኪም ፊት፣ ዳኛ ፊት፣ ሕፃን ልጅ ፊት ጠይቄያለሁ። እናንተም የሰው ነገር በአፋችሁ በኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ ያልገባችሁ ጊዜ ጠይቁ። የሚሳቅባችሁን ያህል ይሳቅባችሁ። ከዚህ የበለጠ የምመክራችሁ የለኝም።

ያን ቀን አጥሩ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኩ። አለኸኝ ከውስጥ የወጣው ብዙ ቆይቶ ነው። ልጁን ታቅፏል። ልጅቷ አላወቀችውም፤ በሁለት እጇ ደረቱን እየገፋች ታለቅሳለች። እሱም አላወረዳትም። ይዟት ግቢውን ይዞር ጀመር፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ዝም እስክትል ድረስ ዞረ።